የግድግዳው ልክ

ጥቅምት 6

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉንፋኑም ለቀቀኝ። ስለ ጆሮህ ሐኪሙ ምን እንዳለ አልጻፍክልኝም። ዘለልከው ማለት ጥሩ ነገር አላለም ማለት ነው። በስልክ አንተ «ማነው?» እኔ «ልጅህ ነኝ!» እየተባባልን ከመጮህ ደብዳቤው ይሻለናል። ቢሮ ውስጥ መሳቂያ ሆኛለሁ፤ በፖስታ ደብዳቤ የሚደርሰኝ እኔ ብቻ ነኝ።

«ሰው ቁጭ ብሎ ዝናብ ያሰላል? ደሞዝስ ይከፈልበታል?» ላልከው፣ አዎ ይከፈልበታል። ደግሞም ካንተ ልብስ ስፌት ብዙ አይርቅም። አንተ መጀመሪያ ሰውየውን ትለካለህ፣ እኔ ተራራውን። ውኃው ወደ አንድ ቱቦ የሚወርድበት መሬት ስንት እንደሚሰፋ አያለሁ። ቀጥዬ በብዙ ዓመት አንዴ የሚመጣው ኃይለኛ ዝናብ በሰዓት ምን ያህል እንደሚያወርድ አያለሁ። በመጨረሻ መሬቱ ከዚያ ውስጥ ስንቱን ጠጥቶ ስንቱን እንደሚለቅ እገምታለሁ፤ ሣር ብዙ ይጠጣል፣ ቆርቆሮና አስፋልት ጠብታም አይጠጡ። ሦስቱን ሳባዛቸው ጎርፉ እጅግ በሚሞላባት ሰዓት ቱቦው አፍ ላይ የሚደርሰው ውኃ ይወጣልኛል። ከፍተኛ ፍሰት እንለዋለን። ቱቦው የሚለካው ለዚያች ሰዓት ነው፤ በሌላው ቀን ባዶውን ቢውል ማንም አይቀየመውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰኞ አለቃዬ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፋይል አስቀመጠልኝ። ስከፍተው የኛ ሰፈር ነው። በመንገዱ ሥር የሚያልፈው ቱቦ፣ ያ እማዬ በሞተችበት ክረምት ጎርፉን አላስተላልፍ ብሎ ወደ ቤቶች የመለሰው ቱቦ። በአዲስ እንዲተካ ተወስኗል፤ ምን ያህል እንደሚሰፋ የምወስነው ደግሞ እኔ ነኝ።

ስሌት ብቻውን አይታመንም። ያለፈው ጎርፍ እስከ የት እንደደረሰ ካየው ሰው ተጠይቆ ይመሳከራል። ቀያሽ ወደ እናንተ ይመጣል፤ ከዚያ በፊት ግን ካንተ ልስማው ብዬ ነው። ያኔ ጉልበት ድረስ ነው ብለኸኝ ነበር። አስበህ እንደገና ጻፍልኝ። ቱቦው ካነሰ ያ ውኃ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ልጅህ

ጥቅምት 21

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ አነበብኩላት። «ልጄ ተራራ ትለካለች» ስላት «ታዲያ ለተራራው ሱሪ ልታሰፋለት ነው?» አለችኝ። ሰፈሩ በዚሁ ሲስቅ ሰነበተ። ስለ ጆሮዬ የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ሐኪሙ ብዙ ተናግሯል፤ እኔ ግን አልሰማሁትም።

እልክልሻለሁ ያልኩሽ ጃኬት ገና ነው። ዓይኔ እንደ ድሮው መርፌ አይዝልኝም። ቁልፉ ብቻ ቀርቷል።

ቀያሹ መጥቶ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው። ሦስት እግር ያለውን መሣሪያ ቱቦው አጠገብ ተክሎ ባንድ ዓይኑ ሲያይ ዋለ። ከዚያ ከቤት ቤት እየዞረ ውኃው እስከ የት እንደደረሰ ጠየቀ። ወረቀቱ አንቺ እጅ እንደሚገባ ሲሰማ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ውኃ ልክ እንኳ ሥራውን ጥሎ መጣ። አናጢውን ማለቴ ነው፤ ያችን የእንጨት ማስተካከያውን፣ ውኃ ልኩን፣ ከኪሱ ስለማይለያት ስሟ ለእሱ ወጥቶለታል። ሁሉም ለቀያሹ በደንብ መለሱለት። ይወዱሻል።

የጠየቅሽኝ ያው ጉልበት ነው። ያኔ ነግሬሻለሁ፣ ዛሬም አልተለወጠም። እናትሽ አልጋዋ ላይ እንዳለች ልቧ ነው የቆመው፣ ውኃው ሳይገባ። እግሯ እንኳ አልረጠበም። ይኼን ደግመሽ እንድትጠይቂኝ አልፈልግም። ፋይልሽ ላይ በአንድ ቃል ጻፊውና እለፊው።

ሌላ ወሬ ልንገርሽ። ታችኛዋን ክፍል፣ የእናትሽን፣ አከራየኋት። ባዶዋን ባየኋት ቁጥር ሆድ ይብሰኝ ነበር። ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ ሾፌር፣ እሷ ነርስ። ሴት ሕፃን አለቻቸው፣ መዳህ ጀምራለች። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው ብዬ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ምንጣፍ ሰፋሁላት፤ እሷ ግን ትታው ባዶው ላይ ነው የምትድኸው።

አባትሽ

ኅዳር 8

አባዬ፣

ሕፃኗን ሳምልኝ። ክፍሏ ሰው ስላገኘች ደስ ብሎኛል፤ ትንሽም ከፍቶኛል፤ ሁለቱም እውነት ነው።

የቀያሹ ሪፖርት ደረሰኝ። የተጠየቀው ሰው ሁሉ «እስከ ጉልበት» ብሏል። ረጅሙም አጭሩም፣ ከመንገዱ ከፍ ብሎ የሚኖረውም ዝቅ ብሎ የሚኖረውም፣ ሁሉም ጉልበት። ቀያሹ «ሰፈራችሁ መዝሙር እንዳጠና ሰው ነው የሚመልሰው» ብሎ ሳቀብኝ። አባዬ፣ በዚህ ሥራ ሦስት ሰው ጠይቀህ አራት መልስ ነው የምታገኘው። አንዱ ቁርጭምጭሚት ይልሃል፣ አንዱ በሩን ገንጥሎ ሄደ ይልሃል፣ አንተ መሐሉን ትይዛለህ። ዳቦ ቤቷ ሴትዮና አናጢው ደግሞ ዛሬ ማክሰኞ ነው ረቡዕ በሚለው እንኳ ተስማምተው አያውቁም። ጉልበት ላይ እንዴት ተስማሙ?

የኔ ስሌት ጉልበት አይልም። ቱቦው ሲቀበር ተራራው ሣር ነበር፤ እኔና እማዬ ሽርሽር የምንወጣበት ተራራ። ያኔ ከአሥር እጅ ዝናብ ሦስቱ እጅ ቢወርድ ነው። ዛሬ አብዛኛው ጣሪያ ነው፤ ስምንቱ እጅ ይወርዳል። በዚያ ላይ ሣሩ ያዘገየው የነበረው ውኃ አሁን በቆርቆሮና በአስፋልት ላይ እየሮጠ፣ ከላይም ከታችም የዘነበው ባንድ ጊዜ ቱቦው አፍ ላይ ይገናኛል። ምን ያህል እንደወጣልኝ አሁን አልጽፍልህም። ካንተ የምሰማውን በኔ ቁጥር ማበላሸት አልፈልግም።

አለቃዬ ግን ሪፖርቱን ሲያይ ደስ አለው። «ሰፈሩ በሙሉ በዓይኑ አይቶ ጉልበት እያለ አንቺ ከወረቀት ላይ ጎርፍ ታመጪብኛለሽ?» አለኝ። ከአሮጌው ቱቦ ጎን እሱኑ የሚያህል አንድ ብንቀብር ይበቃል ባይ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔም እሱን ብሆን እንደዚያ እል ነበር።

ከመፈረሙ በፊት ጊዜ ለምኜዋለሁ። አባዬ፣ ጎርፍ ግድግዳ ላይ መስመር ትቶ ነው የሚሄደው። በእማዬ ክፍል ግድግዳ ላይ ከቀለሙ ሥር ካለ ለካልኝ። የእማዬን ቁም ሣጥንም ለምን እንደሸጥከው አንድ ቀን ትነግረኛለህ።

ልጅህ

ኅዳር 27

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። መልስ ያዘገየሁት ተቆጥቼ ስለነበር ነው፤ አሁንም ቁጣዬ አልበረደም።

የሰፈሩን ሰው ሁሉ ውሸታም ልታደርጊው ነው? እነዚህ ሰዎች ናቸው አንቺ ሩቅ በነበርሽ ጊዜ እኔን ብድግ ቁጭ ያደረጉኝ። ቁም ሣጥኑን የሸጥኩት አርጅቶ ነው። ግድግዳውን ያስቀባሁት ስለቆሸሸ ነው። የተቀባ ግድግዳ አልፍቅም። ሥራው ከከበደሽ ለሌላ ሰው ስጪው፤ ካንቺ በቀር መሐንዲስ የለም እንዴ?

ጃኬቱን ልኬልሻለሁ። እጅጌው ካጠረ ንገሪኝ፤ በእጥፉ ውስጥ ጨርቅ ትቻለሁ።

ሕፃኗ ትናንት ቆመች። ግድግዳውን ይዛ።

አባትሽ

ታኅሣሥ 5

አባዬ፣

ጃኬቱ ልክክ ብሎልኛል። ሳትለካኝ እንዴት እንዳወቅከው እንጃ፤ ቢሮ ውስጥ ሁሉም የት አሠራሽው እያሉኝ ነው። ለብሼው ነው የምጽፍልህ።

በፖስታው ጀርባ «ከጉልበት በላይ ከነበረስ?» ብለህ በእርሳስ ጽፈህ የሰረዝከውን ጥያቄ አነበብኩት። ስለጠየቅከኝ ሳላስጌጥ ልመልስልህ።

ውኃው ያኔ ጉልበት ከነበረ፣ ሁለቱ ቱቦዎች ይበቃሉ፣ እኔም በልበ ሙሉነት እፈርማለሁ። ከጉልበት በላይ ከነበረ ግን ሁለቱ ቱቦዎች እንደዚያኛው ያለ ዝናብ የመጣ ቀን ይሞላሉ። የተረፈው ውኃ መሄጃ አያገኝም። መንገዱ እንደ ግድብ ያቆመዋል፣ መጀመሪያ የሚገባውም ከመንገዱ ዝቅ ብላ ወዳለችው ክፍል ነው። መቼ እንደሆነ አላውቅም። ዘንድሮ ሊሆን ይችላል፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላም ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ከተቀበረ ደግሞ ማንም ተመልሶ አይቆፍረውም፤ ሰፈሩ ተራው ደርሶታል ይባላል።

ሥራውን ለሌላ ሰው ብሰጠው ያ ሰው የሚያየው ሪፖርቱን ነው። ሪፖርቱ ጉልበት ይላል።

ስለ እማዬ አይደለም የምጠይቅህ፣ አባዬ። ስለ እሷ የነገርከኝን ነግረኸኛል። የምጠይቅህ ስለ ግድግዳው ብቻ ነው። አለቃዬ የሚፈርመው በወሩ መጨረሻ ነው። ባትመልስልኝም አልቀየምህም።

ልጅህ

ታኅሣሥ 16

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ታች ወርጄ ሕፃኗን አየኋት። ያንን ግድግዳ ይዛ ትቆምና ወደኔ ዞራ ትስቃለች። ጭንቅላቷ ከጉልበቴ ትንሽ ነው የሚያልፈው። ነርሷን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም «አባባ፣ እንፋቀው» አለችኝ።

ውኃ ልክን ጠራሁት። መፋቂያውን ይዞ መጣ፣ ዳቦ ቤቷ ሴትዮም ተከትላው መጣች፣ ሌሎቹም መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። ቀለሙን የቀባው እሱ ራሱ ስለሆነ የት እንደሚጀምር ጠፍቶት አልነበረም። ጥቂት እንደፋቀ ቡናማው መስመር ወጣ። ከበሩ እስከ መስኮቱ ድረስ ፋቀው። ማስተካከያውን አስደግፎ አየው፣ መስመሩ ዝንፍ አላለም። ይኼኔ አለቀሰ፤ ያ ትልቅ ሰውዬ።

የልብስ ሜትሬን ከወለሉ ጀምሬ ዘረጋሁ። ሜትሬ መቶ ሃምሳ ነው። አለቀ። ከጫፉ በላይ እስከ መስመሩ አንድ ስንዝር ይቀራል። ሁለቴ ለካሁት፣ ያው ነው።

ለእናትሽ ልብስ ስሰፋ ሜትሩ አልቆብኝ አያውቅም።

መልሱ ይኼ ነው። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ነበርኩ። ውኃው አላስከፍት ስላለኝ በርና ስለሌላው አትጠይቂኝ፤ እችለዋለሁ ብዬ ጀምሬው ነበር፣ ወረቀቱን ቀደድኩት።

ሰዎቹን አትቀየሚያቸው። ያኔ ፈተና ላይ ነበርሽ። ተሰብስበን ምን እንበላት ተባባልን፤ በልቧ ነው እንበላት አልን፣ ውኃውም ጉልበት ነው እንበላት። ስትመጪ እንዳታዪው ባንድ ቀን ግድግዳውን ቀባን። ቁም ሣጥኑ መስመሩን ይዞ ስለነበር አወጣሁት። ሁለት ዓመት ማንም ተሳስቶ እንኳ አልተናገረም። ቀያሹ ሲመጣ ደግሞ ወረቀቱን የምታነቢው አንቺ ነሽ ተባለ፣ እነሱም ያንኑ አሉ። አንድ ሰው እንኳ ቱቦውን አላሰበም። ሁላችንም ያሰብነው አንቺን ነው።

ከዚህ ጋር ያለው ወረቀት የነሱ ፊርማ ነው። መስመሩን ያየ ሁሉ ፈርሟል። ዳቦ ቤቷ ሴትዮ ከፊርማዋ ሥር «ይቅር በይኝ» ብላ ጨምራበታለች፤ ለመሥሪያ ቤት ወረቀት አይሆንም ብላት አልሰማ አለች።

አባትሽ

ታኅሣሥ 28

አባዬ፣

አንድ ስንዝርህን ሃያ ሳንቲ ሜትር አድርጌ መዘገብኩት። አለቃዬ ወረቀቱን፣ ፊርማዎቹንና የኔን ስሌት ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ። ስሌቴ ከመስመርህ የተለየው በሦስት ጣት ነው። «እንዲህ ያለ ስሌት አይቼ አላውቅም» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁና በመጸዳጃ ቤቱ በር ተደግፌ አለቀስኩ። ትምህርት ከጀመርኩ አንስቶ ስሌቴ ስህተት እንዲሆንልኝ የተመኘሁት ይኼን ብቻ ነው።

አባዬ፣ አውቅ ነበር።

ለኀዘኑ ስመጣ ቤቱ ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። እማዬ ክፍል ውስጥ የተሰቀለው የኔ የትምህርት ቤት ፎቶ፣ ያ ሁሌ ቀና ብዬ የማየው፣ ከታች ጠርዙ አብጦ ነበር። ፎቶውን ማውረድ ረስታችኋል። ወደ ትምህርቴ ስመለስ መምህራችን እያንዳንዳችን የምናውቀውን ቦታ ጎርፍ እንድናሰላ አዘዘን። ሌላው የአውቶቡስ ማቆሚያውን ሠራ፣ የስፖርት ሜዳውን ሠራ። እኔ የኛን መንገድ ሠራሁ። መልሱን ሳየው እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ከክፍል ወጣሁ።

ላንተ አልነገርኩህም። «እግሯ እንኳ አልረጠበም» ባልከኝ ቁጥር «ተመስገን» እልህ ነበር፤ እንደዚያ ስልህ ትንሽ ታርፍ ነበር። ይኼ ፋይል ባይመጣ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ ተመስገን እያልኩህ እኖር ነበር። ግን ያለ ምስክር ቱቦውን ማስፋት አልቻልኩም፣ ምስክሮቼም ሁሉ ለኔ ሲሉ ተስማምተውብኛል። ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ ይቅርታ የሚባል ነገር የለም በልልኝ። እንዲህ ያለ ሰፈር ያለው ሰው ማን አለ?

ቱቦዎቹ ቀርተዋል። በምትካቸው ባለ አራት ማዕዘን የኮንክሪት መተላለፊያ ይሠራል፤ ሰፊና ከፍ ያለ፣ እማዬ ጎንበስ ሳትል የምታልፍበት። ተራራው ላይ ገና ብዙ ቤት ይሠራል ብዬም ጨምሬበታለሁ፣ አንተ በእጅጌዬ እጥፍ ውስጥ ጨርቅ እንደተውከው። እስኪያልቅ እነ ነርሷን ወደ ላይኛው ክፍል አውጣቸው።

ማዶ ሱቅ የነበርክበትን ቀን አልጠይቅህም። አንተ ላይ የምቆጥረው አንድም ነገር የለኝም፣ አባዬ። እማዬም የላትም። የነገርከኝን ያህል ነግረኸኛል፣ በቂዬ ነው።

ልጅህ

ሐምሌ 11

ልጄ፣

መቼ ትጽፍልኛለህ እያልሽ መወትወትሽን ተይ፤ ዝናቡን ስጠብቅ ነው የቆየሁት።

ሥራው ከሰኔ በፊት አልቋል። ውኃ ልክ ሠራተኞቹን መግቢያ መውጫ እስኪያሳጣ ድረስ ነው የተቆጣጠራቸው፤ አባረሩት፣ ተመልሶ መጣ። ሕፃኗ አሁን ትሮጣለች። ስትከለከል ወደዚያው ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረ። ልክ እንደዚያን ቀን። ዳቦ ቤቷ ሴትዮ ምድጃዋን ትታ መንገድ ወጣች፣ ሌላውም ወጣ። እነ ነርሷን ከነልጃቸው ወደ ላይ አወጣኋቸው። እኔን ደግሞ ውኃ ልክ ና ከዚህ ብሎ እጄን ሲጎትተኝ አልሄድም አልኩት። ያኔ ማዶ ነበርኩ። አሁን እዚያው ልሁን አልኩት። ለቀቀኝ።

የእናትሽ ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ወንበር ስቤ ከመስመሩ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ጫማዬንና ካልሲዬን አወለቅኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ቢመጣ ቶሎ ላውቀው ብዬ ይመስለኛል። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው እኔም እንኳ ሰማሁት። ከዚያ ውኃው ከተራራው ወረደ፤ ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ታወቀኝ። እናትሽን ብዙ ነገር አወራኋት። ያኔ ልመጣ ሞክሬ እንደነበርም ነገርኳት። አለቀስኩ፣ ደግሜ አለቀስኩ፣ እስኪደክመኝ።

ብዙ ቆይቶ ውኃ ልክ በሩን ከፈተ። ዝናቡ አባርቷል፣ ውኃው በመንገዱ ሥር አልፎ ሄዷል። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስቦ እኔን አያየኝም፣ ወለሉን ነው የሚያየው።

መሥሪያ ቤትሽ እንዴት ሆነ ብሎ ቢጠይቅሽ ጎረቤት አታስጠይቂ፤ እነሱን ታውቂያቸዋለሽ። እኔን ጠይቂኝ። እዚያው ነበርኩ። እግሬ እንኳ አልረጠበም።

አባትሽ